ላከር ሲነጣ ቶሎ አትፋቁት
በክረምት እንጨት ላይ የተረጨ ላከር (እንደ ቫርኒሽ ያለ መቀቢያ) በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ከነጣ፣ ብርጭቆ ወረቀት አታንሱ። ላከሩን የሚያቀጥነው ቲነር ፈጥኖ ሲተን የእንጨቱን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያው ጤዛ ሆኖ ላከሩ ውስጥ ይታሰራል። ቀለል ያለው ንጣት አየሩ ደረቅ ሲል በሰዓታት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ፀሐያማ ቀን ጠብቁና ሪታርደር (ቀስ ብሎ የሚተን የቲነር ዓይነት) ብቻውን፣ በጣም በስሱ፣ ከራቅ ብሎ ንፉበት፤ ላከሩ ዳግም ይላላና እርጥበቱ ይወጣል። ካበዛችሁት ግን ላከሩ ቀጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መላ ከደረቀም በኋላ በቲነር ለሚሟሟው ለናይትሮ ላከር ነው፤ ማጠንከሪያ የሚገባበት ፖሊዩሪቴን ከደረቀ በኋላ ስለማይሟሟ እሱን መፋቅ ነው።

ለሚቀጥለው ሥራ፣ ለአንድ ሊትር በቲነር የተበጠበጠ ላከር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሪታርደር ይበቃል፤ ሲበዛ ላከሩ ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በኮምፕሬሰሩ (በአየር መጭመቂያው) ታንከር ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ከመጀመራችሁ በፊት አፍስሱ። ዝናብ እየጣለ ከሆነማ፣ ደንበኛው ቢቸኩልም ባትረጩ ይሻላል።