ፒካፕ ላይ ኦይል ካች ካን ለምታስገጥሙ

የባሕር ዳር የናፍጣ ፒካፕ ነጂዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሞተሩ ትንፋሽ የዘይት ጉም ይዞ ወደ አየር ማስገቢያው ይመለሳል። ከኢጂአር (የተቃጠለ ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ሥርዓት) ጥላሸት ጋር ሲገናኝ ማኒፎልዱ፣ ማለትም አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ፣ ላይ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ኦይል ካች ካን መሃል ገብቶ ዘይቱን የሚያስቀር ትንሽ ጣሳ ነው።

ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ወንፊት ወይም ማጣሪያ የሌለው ባዶ ጣሳ ብዙም አይዝም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ቱቦው ዘይት የሚችል ይሁን፣ ተራ የውሃ ጎማ ያብጣል። ስፋቱ ከኦሪጅናሉ እንዳይጠብ። ጣሳውን ከተርቦው (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው መሣሪያ) ሙቀት አርቁት። የሞተሩን መተንፈሻ ግን በፍጹም አትድፈኑ! ግፊቱ መውጫ ሲያጣ የዘይት ሲሎቹን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽጉትን) ይገፋል።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ለምትነዱ፣ ጣሳው ውስጥ ነጣ ያለ ዝቃጭ ታያላችሁ። አትደንግጡ። የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ ከዘይት ጋር የተቀላቀለ እርጥበት ነው፣ ጋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጠለ ማለት አይደለም። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር አራግፉት፤ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ እዩት።

የወጣውን ዘይት ደግሞ እባካችሁ ቦይ ውስጥ አታፍስሱ። የእኛ ከተማ ጎርፍ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። በጀሪካን አጠራቅሙና ከተቃጠለው ዘይት ጋር ለጋራዡ ስጡት።