አዲስ የአእምሮ መድኃኒት ስትጀምሩ ቅዳሜን ከቅዳሜ ጋር አስተያዩ

ድምፅ ለመስማትና ለከባድ ጥርጣሬ ከሚሰጡት የአእምሮ መድኃኒቶች ሪስፐሪዶን፣ ኦላንዛፒን ወይም ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያቆም ይችላል። ማታ ማታ በደብተር አንድ መስመር ጻፉ፤ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ከቤተሰብ ጋር እንደበላችሁ፣ ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ምን ያህል እንዳስቸገሯችሁ። ዛሬን ከትናንት ጋር ግን አታወዳድሩ። ቅዳሜን ካለፈው ቅዳሜ ጋር ብቻ አስተያዩ።

ይህ የሚጠቅመው መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ነው። እንቅልፍና መረበሽ በቀናት ውስጥ ሊሻሻሉ ይችላሉ፤ ድምፅ መስማትና ጥርጣሬ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳቶች፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱና የአፍ መድረቁ፣ ደግሞ ቀድመው ይመጣሉ፤ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ጅማ ድረስ ለቀጠሮ ለምትመጡ፣ ሐኪሙ ፊት የሚረሳውን ሁሉ ደብተሩ ይይዝላችኋል። ጫት የቃማችሁበትን ቀንም ጻፉ፤ ጫት ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። እባካችሁ ይህን ለሐኪሙ አትደብቁ።

አንገት ከተጣመመ ወይም ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ትኩሳት ከሰውነት መገታተር ጋር ከመጣ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ሳምንት አትቁጠሩ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።