«ናሙናው ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ ሂስ አይደለም፦ አርቲክል ሪቪው ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይህ አሳይመንት አንድ ቀን ሳይደርሰው አይቀርም። መምህሩ አንድ ጥናት ያድላል፤ «አንብባችሁ ሂሳዊ ግምገማ ጻፉ» ይላል። ካምፓስ ውስጥ «አርቲክል ሪቪው» ነው የምንለው። ሲሰጥ ቀላል ይመስላል። ማስረከቢያው ሲቃረብ ግን ከየት እንደሚጀመር ይጠፋል።

እኔም በተራዬ ጽፌዋለሁ። ከዚያ በኋላም የሌሎችን ሳነብና ሳርም ዓመታት አልፈዋል። ስህተቶቹ ይመሳሰላሉ። ከስንፍና የሚመጡ አይመስለኝም። ሂስ ምን እንደሆነ ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ስለሌለ ነው። ለእኔ ጥያቄው አንድ ነው፦ አጥኚው የተናገረውን ያህል ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ አለው ወይ?

አሳጥሮ መድገም

ከሁሉ የበዛው ስህተት ይህ ነው። «አጥኚዎቹ 300 ተማሪዎችን በመጠይቅ ጠየቁ፤ መልሱን ተነተኑ፤ ከዚያም እንዲህ ሲሉ ደመደሙ» እየተባለ አራት ገጽ ይሞላል። መጨረሻ ላይ «በአጠቃላይ ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ክፍተቶች አሉት» የምትል አንድ አረፍተ ነገር ጣል ትደረጋለች።

መምህሩ ጥናቱን ያውቀዋል፤ የሰጣችሁ እሱ ነው። የሚፈልገው የእናንተን ሚዛን ነው። ማጠቃለያው ከጽሑፉ ሩብ ባይበልጥ እመክራለሁ። አንድ አንቀጽ ስትጨርሱ ጓደኛችሁ «እና ምን ይጠበስ?» ቢላችሁ መልስ አላችሁ? ከሌላችሁ አንቀጹ ገና አላለቀም።

አብስትራክትና መደምደሚያ ብቻ አንብቦ መጻፍ

መሀሉ ይከብዳል። ሠንጠረዥ አለ፣ ቁጥር አለ፣ የማናውቀው ምልክት አለ። ስለዚህ መጀመሪያና መጨረሻውን አንብበን መጻፍ እንጀምራለን። አብስትራክት (ጥናቱ መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ) ላይ ያለው ግን አጥኚው እንድናምነው የሚፈልገው ነገር ነው። ማስረጃው መሀል ላይ ነው ያለው። ይህን የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ዘለግ አድርጌ ልንገራችሁ።

ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት አንድ አጭር ጥናት አወጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ ዕዳቸው ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርታቸው ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ያደጉ ሀገራት አማካይ ዕድገታቸው -0.1 በመቶ ነው አሉ። ዕድገት የለም ማለት ነው። ጊዜው ግሪክና ሌሎች የአውሮፓ ሀገራት በዕዳ የተጨነቁበት ነበር። «መንግሥት ወጪውን ይቀንስ» የሚሉ ፖለቲከኞች ቁጥሩን እንደ ማስረጃ ያዙት።

ቶማስ ሄርንደን ደግሞ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ለአንድ ኮርስ የተሰጠው አሳይመንት የታተመ ጥናት መርጦ ውጤቱን ራሱ ደግሞ ማውጣት ነው። ይህን ጥናት መረጠ። ቁጥሮቹ ግን አልገጥም አሉት። ደጋግሞ ሞከረ፤ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ለአጥኚዎቹ ጻፈላቸው፤ የሠሩበት የኤክሴል ፋይልም ተላከለት። ከፍቶ አማካዩን የሚያሰላውን ፎርሙላ አየ። ፎርሙላው የሚወስደው ከመስመር 30 እስከ 44 ያለውን ነው። የሀገራቱ ዝርዝር ግን እስከ መስመር 49 ይሄዳል። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል።

ታሪኩ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ለተማሪ የሚጠቅመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው እላለሁ። ሄርንደንና ሁለት መምህራኑ እ.ኤ.አ. በ2013 ሂሳቸውን ሲያወጡ የኤክሴሉ ስህተት ውጤቱን ያዛባው በ0.3 መቶኛ ነጥብ ብቻ እንደሆነ አስልተው አሳዩ። የበለጠው ችግር ሌላ ቦታ ነበር፤ አንዳንድ ዓመታት ከመረጃው ተዘለዋል፣ የአማካዩ አሠራርም ራሱ ያከራክራል። ብሪታንያ ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ ተሸክማ 19 ዓመት ቆይታለች፤ በእነዚያ ዓመታት በአማካይ 2.4 በመቶ አድጋለች። ኒውዚላንድ በጥናቱ ስሌት በዚህ መደብ የገባችው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951። በዚያ ዓመት ኢኮኖሚዋ በ7.6 በመቶ ወረደ። ጥናቱ ሁለቱን ሀገራት እኩል መዘናቸው። የአንድ ክፉ ዓመት ክብደት ከ19 ዓመት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ተስተካክሎ ሲሰላ -0.1 የነበረው 2.2 በመቶ ሆነ።

የተሳሳተ ቁጥር ወይም የፊደል ግድፈት ስታገኙ ደስ ይላችኋል፤ አውቃለሁ። ግን ይህ ቢታረም መደምደሚያው ይለወጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልለወጠው አንድ መስመር ይበቃዋል። ጉልበታችሁን መደምደሚያውን በሚነካው ላይ አውሉት።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። እነ ሄርንደን «ዕዳ ምንም አያመጣም» አላሉም። በእነሱም ስሌት ዕዳቸው ከ60 እስከ 90 በመቶ የሆኑት ሀገራት ዕድገት 3.2 በመቶ ነው፤ ከ90 በላይ ካሉት ይበልጣል። የጠፋው 90 ላይ አለ የተባለው፣ ዕድገት በድንገት የሚወድቅበት ገደል ነው። ራይንሃርትና ሮጎፍም የኤክሴሉን ስህተት አምነው በአሠራሩ ላይ ግን ተከራክረዋል። ጥሩ ሂስ የፈረሰውንም ቆሞ የቀረውንም ይናገራል። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ጽፎ ሁለተኛውን ይረሳል።

ስም አይቶ ማጎንበስ

«እኔ ማን ነኝና የፕሮፌሰር ጽሑፍ የምተቸው?» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ይገባኛል። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። ግን የምትመዝኑት ሰውየውን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። ሄርንደን አጥኚዎቹን አልተሳደበም። ፋይሉን ጠየቀ፣ አሰላ፣ ያገኘውን ጻፈ። «አጥኚው ግድ የለሽ ነው» ብሎ መጻፍም የዚሁ ስህተት ሌላው ጫፍ ነው። የአጥኚውን ባሕርይ ከወረቀት ላይ ማወቅ አይቻልም። «ይህ ሠንጠረዥ ከዚያ ድምዳሜ ጋር አይገጥምም» ማለት ግን ይቻላል።

«ናሙናው ትንሽ ነው»

ናሙና ማለት አጥኚው ከብዙዎቹ መካከል መርጦ ያጠናቸው ሰዎች ናቸው። ይህችን አረፍተ ነገር እኔም ጽፌያታለሁ። ተማሪ እያለሁ መምህሬ አጠገቧ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ጻፉ፦ «ለምኑ?» መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሙና ባየሁ ቁጥር ያቺ ቃል ትመጣብኛለች።

አሥራ ሁለት ሰው ለምርጫ ግምት ምንም አይደለም። የአንድ መንደር አዋላጆች ሥራቸውን እንዴት እንደሚገልጹት በጥልቅ ቃለ መጠይቅ ለመረዳት ግን አሥራ ሁለት ሰው ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን አትመልከቱ፤ ከተነገረው ነገር ጋር አስተያዩት።

የማርሽማሎው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼልና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ፊት እንደ ማርሽማሎው ያለ ጣፋጭ አስቀምጠው፣ ሳይበሉ ለሚጠብቁት ተጨማሪ እንደሚሰጡ ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ክትትል ረጅም ጊዜ የጠበቁት ልጆች ካደጉ በኋላ በፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተው ተገኙ። የናሙናው ችግር ማነሱ ብቻ አይደለም። ልጆቹ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ናቸው። የቤታቸው ኑሮ ከብዙ ልጆች ኑሮ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች አጥኚዎች 918 ልጆችን ይዘው ጥያቄውን ደገሙት። በመጠበቅና በኋላ በሚመጣው የፈተና ውጤት መካከል ያለው ዝምድና በግማሽ አነሰ። የቤተሰብ ሁኔታ፣ የልጁ የቀድሞ የማሰብ ችሎታና የቤት አካባቢ ከግምት ሲገቡ ደግሞ ከዚያም ላይ ሁለት ሦስተኛው ቀነሰ። «ለምኑ?» ለሚለው መልሱ ይህን ይመስላል፤ በእነዚያ ልጆች ላይ የታየውን ለሁሉም ልጅ ለመናገር ነው ናሙናው ያልበቃው።

በነገራችን ላይ የ1990ውን ክትትል ያወጡት አጥኚዎች ናሙናቸው ትንሽ መሆኑን ራሳቸው አስጠንቅቀው ነበር። ብዙ ጥናት የራሱን ውስንነት በግልጽ ይጽፋል። ያንን ገልብጦ እንደ ራስ ግኝት ማቅረብ ያስተዛዝባል። «አጥኚዎቹ ይህን አምነዋል፤ መደምደሚያቸው ላይ ግን ረስተውታል» ማለት ከቻላችሁ ያ የራሳችሁ ነው።

አብሮ መሄድን ምክንያት ማድረግ

ወደ ዕዳው እንመለስ። ዕዳ ዕድገትን ያዘገያል እንበል። ዕድገት የዘገየበት መንግሥትስ? ግብሩ ይቀንሳል፣ ይበደራል፣ ዕዳው ይጨምራል። ሁለቱ አብረው መታየታቸው የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይነግረንም። «ያስከትላል» ወይም «ተጽዕኖ አለው» የሚሉ ቃላት ስታገኙ አስምሩባቸው። ከዚያ ዘዴው ይህን ለማለት ይፈቅዳል ወይ ብላችሁ ወደ መሀሉ ተመለሱ።

ያልተጠየቀውን መጠየቅ

«ጥናቱ ስለ ገጠር ተማሪዎች አያወራም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ርዕሱን እዩ። ስለ አዲስ አበባ ተማሪዎች ነኝ ያለ ጥናት በዚህ አይከሰስም። የሚከሰሰው መደምደሚያው ላይ «የኢትዮጵያ ተማሪዎች» ብሎ ከጻፈ ነው።

«ጉልህ» የሚለውን ቃል እንደ «ትልቅ» ማንበብ

ስታቲስቲካዊ ጉልህነት ማለት እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። አሥር ሺህ ሰው የተጠየቀበት ጥናት ላይ ኢምንት ልዩነትም ጉልህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ምን ያህል ነው የሚለውን ለይታችሁ ፈልጉ።

ያለ ገጽ ቁጥር መተቸት

«ጥናቱ የዘዴ ችግር አለበት» የሚል አረፍተ ነገር የትኛውም ጥናት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ጥናቱን ላልከፈተ ሰውም ይጻፋል። በምናብ አንድ ጥናት እንውሰድ፤ ስለ ስልክ አጠቃቀምና ስለ ተማሪዎች ውጤት የተሠራ። ያንኑ ሐሳብ እንዲህ ጻፉት፦

«አጥኚዎቹ የስልክ ሰዓቱን የወሰዱት ተማሪዎቹ በግምት ከነገሯቸው ነው፣ ገጽ 6። ብዙ የሚጠቀሙት ተማሪዎች ሰዓታቸውን አሳንሰው ተናግረው ከሆነ በሠንጠረዥ 3 ያለው ዝምድና ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ስልክ ከውጤት ጋር አይገናኝም የሚለው መደምደሚያ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል።»

መምህሩ ገጽ 6ን ከፍቶ ማየት ይችላል። ካልተስማማም የማይስማማው ከዚያች መስመር ጋር ነው።