ሬይድ 1 ያለው ሰርቨር ዲስኩ ታሞ ክራሽ ሲያደርግ

በሬይድ 1 ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ዳታ ይይዛሉ። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ የሊኑክስ ሰርቨራችሁ ደጋግሞ ከወደቀ፣ ዲስክ ቀይሮ መገላገል አይበቃም። አንድ ዲስክ ስለታመመ ሰርቨሩ ለምን ወደቀ?

መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ፤ ሪስታርት አታብዙ።

ቀጥሎ ደምፑን አድኑ። ኬደምፕ የሚባለው መሣሪያ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሲወድቅ የሜሞሪውን ቅጂ፣ ማለትም ደምፑን፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል። ዲስኩ ከታመመ ፋይሉ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ያገኛችሁትን ወደ ሌላ ማሽን ገልብጡ። የሚቀጥለው ደግሞ በኤስኤስኤች ወይም በኤንኤፍኤስ ወደ ሌላ ሰርቨር እንዲላክ አስተካክሉ።

ትልቁን ፋይል ለጊዜው ተዉት። የከርነሉን መልእክቶች ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ከመውደቁ በፊት የዲስክ ንባብ ስህተት ተደርድሮ ካያችሁ የዲስኩን ስም ያዙ። ስለ ዲስክ ምንም ከሌለ ጥፋተኛው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሜሞሪውን በሜምቴስት ፈትሹ።

አሁን የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል፣ ኤምዲስታትን፣ እዩ። ሁለት የ"ዩ" ፊደሎች ጎን ለጎን ካሉ ሁለቱም ዲስኮች ሥራ ላይ ናቸው። በአንዱ ቦታ የታች ሰረዝ ካለ አንዱ ወጥቷል። ሁለት "ዩ" ስላያችሁ ግን አትዘናጉ፣ የዲስክ ጤና በሚያሳየው መሣሪያ፣ በስማርትሲቲኤልም፣ ፈትሹ። መለያ 5፣ 197 እና 198 ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው። የሚጨምረው 199 ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ኬብሉ ነው። ደህና ዲስክ እንዳትጥሉ!

ብዙ ሰው የሚረሳው ስዋፕን (ሜሞሪ ሲጠብ ትርፉ የሚቀመጥበትን የዲስክ ቦታ) ነው። ሬይዱ ውስጥ ሳይገባ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከተሠራ፣ ዲስኩ ሲሞት እዚያ የተቀመጠው የሜሞሪ ክፍል አብሮ ይጠፋል። ፕሮግራሞች ይገደላሉ፤ ተራው የመጀመሪያው ፕሮሰስ ላይ ከደረሰ ከርነሉ ራሱ ይወድቃል። አዲሱ ዲስክ ሲገባ ስዋፑን በሬይዱ ላይ ሥሩት።

ለዴስክቶፕ የተሠሩ ዲስኮችም ያስቸግራሉ። የተበላሸ ቦታ ለማንበብ ረጅም ጊዜ ይታገላሉ፤ ሊኑክስ ግን በተለምዶ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ዲስኩ የሚቀበል ከሆነ የትግሉን ገደብ 7 ሰከንድ አድርጉት።

ዲስኩን ስትነቅሉ በሲሪያል ቁጥሩ ለዩት። ደህናውን ከነቀላችሁ ዳታው አደጋ ላይ ይወድቃል። ሬይዱን በሚያስተዳድረው መሣሪያ፣ በኤምዲአድም፣ የታመመውን አውጡ፣ አዲሱን እንደ ቀሪው ከፋፍላችሁ ጨምሩ፣ ኮፒው እስኪያልቅ ጠብቁ። ሰርቨሩ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ግራብን፣ አዲሱም ላይ ጫኑ፤ አለዚያ ቀሪው ዲስክ በተራው ሲሞት ሰርቨሩ አይነሳም።