የበጀት ተቆጣጣሪዎችን ተጠያቂ ስናደርግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በተደረገ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ስለ ውኃ መፋሰሻ ቦይ ወጪ ስንነጋገር፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ባለሙያ ብድግ ብለው «ወጪውን ኦዲተር ያየዋል ትሉናላችሁ፤ ኦዲተሩንስ ማን ያየዋል?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ከየአቅጣጫው የተሰነዘረው መልስ ግን በአመዛኙ የተሳሳተ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት «ነጻ ተቋም ስለሆነ አይጠየቅም» ማለት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል፣ ሪፖርቱንም ለዚሁ ምክር ቤት ያቀርባል። የመሥሪያ ቤቱን በጀትም ቢሆን ለምክር ቤቱ በቀጥታ አቅርቦ ያስጸድቃል። ነጻነቱ ከሚመረምራቸው መሥሪያ ቤቶች እንጂ ከሕዝብ ተወካዮች አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ይህን ገልብጦ፣ ተመርማሪው መርማሪውን እንዲቆጣጠር መፍቀድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የሃንጋሪ የፊስካል ምክር ቤት (የመንግሥትን የገቢና የወጪ ዕቅድ በነጻነት የሚገመግም ተቋም) የመንግሥትን የበጀት ዕቅድ በመተቸቱ በ2010 መጨረሻ በጀቱ ተቆርጦ ባለሙያዎቹ ተበትነዋል። ይህ ተጠያቂነት ሳይሆን ቅጣት ነው።

ሦስተኛው ስህተት ሁለቱን ተቋማት በአንድ ሚዛን መለካት ነው። ኦዲተር ያለፈውን ወጪ ይመረምራል፤ የፊስካል ምክር ቤት የሚመጣውን ይተነብያል። ትንበያ ደግሞ መሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ተንባዩን «ለምን ሳትክ?» ብሎ ማፋጠጥ ብዙ አያራምድም። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ለምሳሌ ገቢን አጋንኖ ወደ ማሳየት፣ ያዘነብል እንደሆነ መመርመር ነው የሚበጀው። የዚሁ ዓይነት ተቋም የሆነው የእንግሊዙ የበጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት የራሱን ትንበያዎች ከውጤታቸው ጋር አነጻጽሮ ያሳትማል።

በእኔ ግምት እጅግ የተለመደው ስህተት ግን የኦዲት ግኝት፣ ማለትም በምርመራ የተገኘ ጉድለት፣ ሳይታረም ሲቀር ኦዲተሩን መውቀስ ነው። በኦዲት ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ያላወራረደውን ተሰብሳቢ ሂሳብ (ከሌሎች ሊሰበስበው የሚገባውን ገንዘብ) በግኝት አስመዘገብን። በዓመቱ ተመልሼ ያንኑ ፋይል ስከፍት ከመሥሪያ ቤቱ ስም ጎን በእርሳስ ያደረግሁት ምልክት እንደነበረ አገኘሁት፤ ገጹን የነካው ሰው አልነበረም። በአገራችን ኦዲተር ገንዘብ የማስመለስም ሆነ የመክሰስ ሥልጣን የለውም። ማስተካከያው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ግዴታ ነው፤ «ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ኃላፊውን መጠየቅ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። ኦዲተሩ የሚጠየቀው ግኝቱ በማስረጃ መደገፉን፣ በወቅቱ መቅረቡንና በቀጣዩ ዓመት ክትትል መደረጉን በተመለከተ ነው። የግኝት ብዛት የጥራት መለኪያ አይደለም።

የውጭ ግምገማን መዘንጋትም ሌላው ስህተት ነው። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የ2014 እ.ኤ.አ. መርሆዎች ነጻ የፊስካል ተቋማት ሥራቸውን በውጭ ባለሙያዎች የሚያስገመግሙበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ይመክራሉ። ለኦዲት መሥሪያ ቤቶችም የሌላ አገር አቻ ተቋም ይህንኑ ሊሠራላቸው ይችላል፤ የግምገማው ውጤት ግን መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈበት ለጡረተኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም።