ማታ 3 ሰዓት ላይ የሚመጣ ሙት፦ የአስፈሪ ታሪኮች መድብል ሲዘጋጅ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አጭር አስፈሪ ታሪክ የሚወደደው ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። ፍርሃት ሲንዛዛ ይሞታል፤ አንባቢ ጭራቁን ሃምሳ ገጽ ሙሉ ካየው ይላመደዋል፣ ብሎም ያዝንለታል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በፈረንጆቹ 1842 አጭር ትረካ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድና ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በአንድ መቀመጫ ተነቦ ማለቅ አለበት ሲል የጻፈው ለዚህ ነው። አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ቡና ሊያፈላ ከተነሳ ድባቡ ተበተነ ማለት ነው። መድብል ይህንኑ አጭር ድንጋጤ አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከሌላ አቅጣጫ ያመጣል። ከሐዋሳ ጀማሪዎች እጅ የሚወጡ ረቂቆች የሚበላሹት ግን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

በሰዓቱ እንጀምር። «ልክ 3 ሰዓት ሲሆን በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።» ይህ ከፈረንጅ ፊልም የተቀዳ ነው፤ የፈረንጁ 3 ሰዓት ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ፒያሳ ባጃጁ ሰው ይጭናል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥንዶች ለውዝ ይቆረጥማሉ፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። በዚህ ሰዓት ለመጣ ሙት እራት ይቀርብለታል እንጂ ማን ይፈራዋል?

ሰዓቱን ወደ 9 ማረም ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ሌሊቱን ሁሉም ሰው ጽፎበታል። መዝሙረ ዳዊት 90ኛው (በሌላው አቆጣጠር 91ኛው) ላይ የቀትር ጋኔን ይጠራል፤ ልጅን «በጠራራ ፀሐይ ውሃ ዳር አትሂድ» የሚሉ አያቶች ያሉት ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል። ከቀኑ 6 ሰዓት፣ አሞራ ገደል፣ የጠዋቱ ዓሣ ገበያ ተበትኗል፣ አባ ኮዳ ወፎቹ ጠግበው በአንድ እግር ቆመዋል፣ የሰው ሁሉ ጥላ እግሩ ሥር ተሰብስቧል። ጥላው እንደ ማምሻ ረዝሞ የተዘረጋ አንድ ሰው ብቻ ከጀልባዎቹ መሀል ቢቆም ይበቃል። ደም አያስፈልግም።

ምድር ቤት፣ ጣሪያ ሥር ያለ የአሻንጉሊት ክፍል፣ በጭጋግ የተሸፈነ የመቃብር በር፦ አውጧቸው። ሰርቪስ ቤት አለ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ፣ ማንም ፊቱን ልብ ብሎ አይቶት የማያውቅ ዘበኛ አለ። የመብራት መጥፋትም ተበልቷል። መብራት ሲጠፋ የሐዋሳ ሰው ሻማ ይፈልጋል እንጂ አይንቀጠቀጥም። ይልቅ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ አንድ ቤት ብቻ ቢበራስ? ያ ቤት ደግሞ ቆጣሪው ከተነሳ ዓመት ያለፈው ቢሆንስ?

ሐይቁም ላይ ዘንዶ አትጨምሩበት። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የሚቀበል እንጂ የማይመልስ ውሃ ነው፤ ታሪኩ እዚህ እውነት ውስጥ ተቀምጧል። ደግሞም ሌሊት ጉማሬ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። ባለታሪካችሁ በጨለማ ዳር ዳሩን ሲሄድ ጉማሬ ትዝ ካላለው የአካባቢው አንባቢ ይስቃል። መጀመሪያ እውነተኛውን አደጋ ይፍራ። ከጉማሬው ሸሽቶ የገባበት ቦታ ላይ ሌላው ይጠብቀው።

አሁን ትዕግሥት ወደሚያስጨርሰው ስህተት፤ ግሱ። አማርኛ የአድራጊውን ፆታ ግሱ ላይ ያስራል። «አንኳኳች» ካላችሁ ሴት ናት፣ «አንኳኳ» ካላችሁ ወንድ ነው፤ በሩ ሳይከፈት ግማሹ ምስጢር ወጣ። ጀማሪው ሦስት ገጽ ሙሉ «ማንነቱ ያልታወቀ አንዳች ነገር» እያለ ይደክማል፣ ግሱ ግን ከጎኑ ሆኖ ሁሉንም ያወራል። መጨረሻ ላይ ያ ነገር የሞተችው እህት ሆና ስትገኝ አንባቢው አይደነግጥም፤ ተታለልኩ ብሎ ይናደዳል፣ ልክም ነው። መውጫው ተደራጊ ግስ ነው፦ በሩ ተንኳኳ፣ ወንበሩ ተሳበ፣ ስሟ ተጠራ። ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው የለም። ይህም ሲበዛ የፖሊስ ሪፖርት ይመስላልና በአንድ ታሪክ ሦስት አራት ቦታ ይብቃ።

ከዚህ የሚብሰው አንቱታን ሳይጠቀሙበት መቅረት ነው። «ገቡ» የሚለው ግስ አንድ የተከበሩ ሰው ናቸው ወይስ ብዙ ሰዎች? አማርኛ አይለይም። «እትዬ ገቡ» ብላችሁ ጀምሩ፤ «ተቀመጡ» በሉ፤ ከዚያ «አንድም ባዶ ወንበር አልተረፈም» በሉ። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ «ገቡ» የሚለውን ቃል እንደገና ያነበዋል፤ ያን ጊዜ ጀርባው ይቀዘቅዛል። ይህ ከየትኛውም ትርጉም መጽሐፍ የማይገኝ፣ ቋንቋው በነጻ የሰጠው መሣሪያ ነው፤ ረቂቆቹ ግን በፈረንጅ ጩኸት ተሞልተው ይመጣሉ። አጠራርም እንደዚያው ነው። የሞተች እናት በሌሊት መጥታ ልጇን «አንቺ» ብትላት ናፍቆት ነው። «አንቱ» ብትላትስ? የሚናገረው ማን ነው?

ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱም ለእናንተ ይሠራል። «ከአልጋው ሥር የወጣው እጅ የተንጠለጠለ እጇን፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እናት፣ ዳበሰው።» ድንጋጤው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው፤ ሦስት ቃለ አጋኖ ስትደረደርላት ትሞታለች። «በድንገት» የሚለውን ቃል ደግሞ ከረቂቁ ውስጥ ፈልጋችሁ በሙሉ ሰርዙ። ድንገቱን አስቀድሞ የሚናገር ቃል ነው።

አስፈሪና ዘግናኝ አንድ አይደሉም፤ አማርኛ ሁለት ቃል የሰጣቸው በምክንያት ነው። እንግሊዛዊቷ የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ አን ራድክሊፍ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ በፈረንጆቹ 1826 በታተመ ጽሑፏ፣ የመጀመሪያው ነፍስን ያሰፋል፣ ሁለተኛው ይጨብጣል፣ ያደርቃልም ትላለች። ደም፣ አንጀትና ትል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀይ አስምሩ። በአንድ ታሪክ አንዱን ብቻ አስቀሩ፣ እሱም ከታሪኩ ሁለት ሦስተኛ በኋላ ይሁን።

«ለካስ ሕልም ነበር» ብሎ የሚያልቅ ታሪክ ካለ ከመድብሉ አውጡት።

ማብራሪያውም እንዲሁ። በመጨረሻው ገጽ ደብተራ ወይም ሽማግሌ መጥቶ «ይህ ቤት የተሠራው በመቃብር ላይ ነው» ሲል ታሪኩ ወደ ዜና ይለወጣል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ዝቬታን ቶዶሮቭ በፈረንጆቹ 1970 እንዳስረዳው፣ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ኃይሉ አንባቢው «በተፈጥሮ ሕግ የሚፈታ ነው ወይስ ከዚያ ውጭ ነው?» ብሎ በሚያመነታበት ቅጽበት ላይ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ሲያልቅ የመጨረሻውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡት። ታሪኩ ያለ እሱ ከቆመ፣ አንቀጹ ይቆረጥ። አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

ቡዳን የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስብ። ሸክላ ሠሪውን፣ አንጥረኛውን፣ ቆዳ ፋቂውን ሌሊት ጅብ የሚሆን አድርጎ መሳል በሰው ላይ የኖረን ስድብ እንደገና ማተም ነው፤ ዛሬም በዚህ ስም ጋብቻ የሚከለከል፣ ከማዕድ የሚገለል ሰው አለ። ጅቡን ከፈለጋችሁ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ይሁን። ያ ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

ስለ ቅደም ተከተል ባጭሩ፦ 12 ታሪክ በአማካይ 2,500 ቃል ቢሆን 30,000 ቃል ነው፤ በአንድ ገጽ 250 ቃል ሲታሰብ 120 ገጽ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ምርጡን ታሪክ ፊት፣ ሁለተኛውን ምርጥ መጨረሻ አድርጉ። ሙት የሚመለስባቸውን ሁለት ታሪኮች አታጎራብቷቸው፤ ሁለተኛው ገና ሲጀምር ይታወቃል። ሁሉም እኩል ርዝመት ካላቸው አንባቢው ድንጋጤው የሚመጣበትን ገጽ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ከሁለት ረጅሞች መሀል 400 ቃል የማትሞላ አንዲት ታሪክ አስገቡ፤ ገና ሲደላደል ትለቀው።

ማውጫውንም እዩት። «የሞተው ዘበኛ» የሚል ርዕስ በማውጫው ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል፤ የዘበኛው መሞት ሊገለጥ የታሰበው ግን ከታሪኩ 14ኛ ገጽ ላይ ነበር።