ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዛችሁ የሳይንስ ሙዚየም ስትሄዱ፦ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላው እየነካካህ የምትማርበት ዓይነት የሳይንስ ሙዚየም ወሰድነው፣ ቲኬት ከፍለን የለ እንዴ፣ ሁሉንም ሳናሳየው አንወጣም ብለን ከፎቅ ፎቅ ስንጎትተው ዋልን። ጌታው ግን የወደደው ምን መሰላችሁ? መግቢያው ላይ ያለውን በራሱ የሚከፈት በር። ይገባል ይወጣል፣ ይገባል ይወጣል፣ ከዛ ስናነሳው ጩኸቱን አቀለጠው፣ እኛም ደክሞን ተኮራርፈን ቤት ገባን።

በኋላ ሳስበው ግን ትክክል የነበረው እሱ ነው። በሩ ለምን እንደሚከፈት እየሞከረ ነበር እኮ! ዣን ፒያዤ የሚባለው የልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪ ከ12 እስከ 18 ወር ያሉ ልጆች አንድን ነገር ትንሽ ትንሽ እየቀያየሩ ደጋግመው እንደሚሞክሩ ጽፏል፣ ማንኪያ ከወንበር ላይ ሃያ ጊዜ የሚጥለው ልጅ ማለት ነው፣ አንዴ ከፍ አድርጎ አንዴ ዝቅ አድርጎ። ስለዚህ አሁን ስንሄድ እቅዴ ሁለት ወይ ሦስት ማሳያ ብቻ ነው፣ የተረፈው ይቅር። ሙዚየሙ ቅርባችሁ ከሆነና የዓመት አባልነት ካለው አስቡበት፣ ገንዘቡን ለማካካስ ብሎ ልጅ መጎተት ይቀራል፣ አርባ ደቂቃ ቆይቶ መውጣትም አይቆጭም።

ከመሄዳችሁ በፊት ዌብሳይታቸውን እዩ። ለትንንሽ ልጆች ብቻ የተከለለ ቦታ አለ ወይ፣ እስከ ስንት ዓመት ነው፣ በሰዓት ተከፋፍሎ በቀጠሮ ነው የሚገባው ወይስ እንደመጣ፣ የሕፃን ጋሪ ይገባል ወይስ በር ላይ ይቀመጣል። ጋሪ ከከለከሉ ማዘያ ያዙ፣ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ክንድ ላይ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚከብደው። ሰዓቱን የምትመርጡት በልጁ እንቅልፍ ነው። የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት፣ የቀኑን እንቅልፍ ዘሎ የመጣ ልጅ ደግሞ ጨረቃን አውርዳችሁ ብታሳዩትም ያለቅሳል። እኔ በሩ ሲከፈት መግባት ነው የምወደው። በስራ ቀን ጠዋት ተማሪዎች በአውቶብስ እየመጡ ቦታውን ሊያጥለቀልቁት ስለሚችሉ ግን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቦርሳ ውስጥ ዳይፐር፣ ዋይፕስ፣ ውሃ፣ የማይፈረፈር መክሰስ፣ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ልብስ (አንድ አይበቃም፣ የውሃው ቦታ አለ)፣ ለእናንተም አንድ ቲሸርት። ልጁን ደማቅ ቀለም አልብሱት፣ በር ላይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከጠፋ ‘ምን ለብሷል’ ሲሏችሁ ድንጋጤ ላይ ሆናችሁ ከማሰብ ፎቶውን ማሳየት ይቀላል። ስልክ ቁጥራችሁንም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉለት። ሁለት አዋቂ ከሆናችሁ ደግሞ ማን ማንን እንደሚያይ በቃል ተነጋገሩ፣ ‘አንተ ጋ ነው ብዬ’ ‘አንቺ ጋ ነው ብዬ’ እየተባባሉ ነው ልጅ የሚጠፋው።

እና ‘አትንካ’ የምትለዋን ቃል ቤት ትታችሁ ኑ። ሙዚየም ሲባል መስታወት ውስጥ የተቆለፈ ነገር ለለመድን ሰዎች ከባድ ነው አውቃለሁ። ፍራንክ ኦፐንሃይመር የሚባል የፊዚክስ ሊቅ (የአቶሚክ ቦምቡ የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ነው) እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለውን የሳይንስ ሙዚየም የከፈተው ጎብኚው በእጁ እየሞከረ እንዲረዳ ብሎ ነው፣ ዛሬ በየቦታው ያሉት ብዙዎቹም የዛን መንገድ የተከተሉ ናቸው። እቃው ሊነካ፣ ሊመታ፣ ሊጎተት ነው የተሰራው።

ለዚህ እድሜ የሚሆነው የቱ ነው ካላችሁ፣ ውሃ ካለ መጀመሪያ ውሃ። ሽርጥ ካላቸው አልብሱት፣ እጅጌውን ሰብስቡለትና ተዉት። ቀጥሎ ኳስ። ከታች የሚነፍስ አየር ላይ ኳስ ተንሳፍፎ የሚቆምበት አለ፣ ትልቅ ሰውንም ያፈዛል። ኳሱ ወደ ጎን ሲሸሽ አየሩ የኳሱን ጀርባ ተከትሎ ወደ ውጪ ይታጠፋል፣ አየሩ ወደ ውጪ ሲገፋ ኳሱ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ለዛ ነው የማይወድቀው። ይሄን ግን ለልጁ አትንገሩት! ለሱ ‘ኳሷ የት ሄደች? ልልቀቃት?’ ይበቃዋል። ‘ከባድ’ ‘ቀላል’ ‘ሰመጠ’ ‘ተንሳፈፈ’ እያላችሁ ቃሉን ከሚያየው ነገር ጋር ማገናኘት ነው የናንተ ስራ። እሱ ከመልቀቁ በፊትም ‘አሁን ምን ይሆናል?’ ብላችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ መልስ ባይሰጥ እንኳን አይኑን እዩት።

መስታወት ካገኛችሁ አንድ ጨዋታ ላስተምራችሁ። ልጁ ሳያውቅ ግንባሩ ላይ ትንሽ ስቲከር ለጥፉበትና መስታወቱ ፊት አቁሙት። የራሱን ግንባር ከነካ ያ ልጅ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፣ መስታወቱን ከነካ ገና ሌላ ልጅ ያየ ነው የሚመስለው። ብዙ ልጆች ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ይሄን ይጀምራሉ፣ የናንተ ካልጀመረ ግን አትደንግጡ፣ ፈተና አይደለም። ስቲከሩን አፉ ሳይከተው መልሳችሁ ንቀሉ እንጂ።

ስለ አፍ ካነሳን፣ ለትልልቅ ልጆች የተሰሩት ክፍሎች ውስጥ ትንንሽ እቃ ይኖራል። የሶፍት ጥቅልል መሃሉ ላይ ያለችው ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ብላችሁ ያዙ። ማግኔት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ሁለት ትንንሽ ማግኔት ከተዋጠ አንጀት ውስጥ እየተሳሳቡ አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ፣ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቤት ሆኖ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል።

የሚያስፈራቸው ነገር ብዙ ጊዜ እኛ የጠበቅነው አይደለም። የኔ ልጅ ትልቁ የዳይኖሰር አጽም ስር ቆሞ ሳቀ፣ ሽንት ቤት ያለው እጅ ማድረቂያ ሲጮህ ግን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። በራሱ ውሃ የሚለቅ መቀመጫም እንደዛው ነው፣ ልጁ ተቀምጦ እያለ ድንገት ይለቀቃል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ተለጣፊ ወረቀት ያዙና ሴንሰሩን ሸፍኑት፣ ልጁ ወርዶ ሲወጣ ታነሱታላችሁ። ፕላኔታሪየሙ (ጣሪያው ላይ ኮከብና ፕላኔት የሚያሳዩበት አዳራሽ) ጨለማ ስለሆነ እኔ ልጅ 3 ዓመት ሳይሞላው አላስገባም፣ ከገባችሁም በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ትልቅ እህት ወይም ወንድም ካለ ተከፋፈሉ፣ አንዳችሁ ከትንሹ ጋር ውሃው ጋ ቅሩ ሌላው ትልቋን ይዞ ይዙር፣ ከዛ ተቀያየሩ። ትልቋን ልጅ ሙሉ ቀን ‘ጠብቂው፣ ገና ልጅ ነው’ እያሉ ማዋል ግፍ ነው።

ከመክሰስ በፊት እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል። ሳኒታይዘር አለኝ አትበሉ፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይ እምብዛም አይሰራም፣ ያንን ኳስ ደግሞ የስንቱ እጅ (እና ምላስ) ነክቶታል።

መውጫው ላይ ‘አምስት ደቂቃ ቀረህ’ አትበሉት፣ ደቂቃ ምን እንደሆነ አያውቅም። ‘ኳሷን ሁለት ጊዜ፣ ከዛ ቻው እንላታለን’ በሉትና አብራችሁ ቁጠሩ፣ ሁለት ካላችሁ ሁለት ነው፣ ሦስተኛ ከፈቀዳችሁ አለቀላችሁ። ልጁ አይኑን ማሸት፣ ሰው መግፋት፣ ሳይነካ ዝም ብሎ መሮጥ ሲጀምር ውጡ፣ እስኪያለቅስ አትጠብቁ። የስጦታ ሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ መውጫው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እኔ እዛ ጋ ስደርስ ልጄን አዝለውና ቲኬቱን አሲዤው ‘ለበሩ ሰውዬ እንስጠው’ እለዋለሁ። ስራ የያዘ ሰው መደርደሪያ አያይም። አንዳንዴ ያያል፣ ያኔ በፍጥነት መራመድ ነው።